ሦስተኛው እግር ነውር ነው እንዴ?

አንበሳሜ ላይ አንድ አዛውንት ሞተር ሳይክላቸውን ሸጠው ባጃጅ ቢይዙ «ደከሙ እንዴ?» ብሎ የሚሳለቅ አይጠፋም። ለመሆኑ ምኑ ያስቃል? ከዘራ ለሽማግሌ ክብር ነው የምንል እኛው አይደለን? ባጃጁንስ «ባለሦስት እግር» ብለን የምንጠራው እኛው አይደለን? ታዲያ ሦስተኛው እግር ከእንጨት ሲሆን ማዕረግ፣ ከጎማ ሲሆን ነውር የሚሆንበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም።

ሞተር ሳይክል ቆም ሲል ክብደቱ የሚያርፈው በነጂው እግር ላይ ነው። ክረምት አለ፣ ጭቃ አለ፣ ከኋላ የተጫነ ጤፍ አለ። ጉልበት የከዳ ዕለት ዳሌ ቢሰበር ያ ሳቂ መጥቶ አያስታምም። የጎረምሳ መኩሪያ የሆነው ሃርሊ ዴቪድሰን እንኳ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሉ «ትራይ ግላይድ» የተባለ ባለሦስት እግር ሞተር ለገበያ አቅርቧል።

በአንጻሩ «ሦስት እግር አይወድቅም» ባዮችንም እሞግታለሁ። ባለሁለቱ ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ ባጃጅ ግን እንደዚያ ማጋደል አይችልም። ከፊት ያለው እግሩም አንድ ብቻ ነውና በፍጥነት ከተጠመዘዘ ይገለበጣል። አርባ ዓመት ሞተር የነዳ እጅም እንደ አዲስ መማር አለበት።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ አባታችሁ ሦስተኛውን እግር ሲመርጡ ሳቁን ተዉትና ኩርባው ላይ ቀስ እንዲሉ ንገሯቸው።