እንደ አገሩ ልበሱ፣ እንደ ሐረጎ ደርቡ

እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች የምንለብሰው ለፎቶ እንጂ ለኑሯችን አይደለም። ይህን ስል የሚከፋው እንደሚኖር አውቃለሁ። የተከፋ ሰው ግን ቁምሳጥኑን፣ ቁምሳጥን ከሌለውም ሻንጣውን ይክፈትና ይቁጠር። ለሰርግ የተገዛ፣ ለምርቃት የተሰፋ፣ ለዒድ ወይም ለፋሲካ የተገዛ ስንት አለ? ሰኞ ጠዋት ጉም ውስጥ ቆሞ ታክሲ ለመጠበቅ የሚሆንስ ስንት አለ? የመጀመሪያው ከሁለተኛው ከበለጠ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ነገሩን ከመሬቱ እንጀምር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከቦርቀና ሜዳ ጋር ተዘርግታለች። በመካከላቸው ሐረጎ አለ፤ መንገዱም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ሐረጎን የወረደ ሰው በከፍታው ልዩነት ብቻ ወደ 4 ዲግሪ ተሻግሯል ማለት ነው። የሰዓቱ ልዩነት ሲጨመርበት ደግሞ ጉድ ነው። ከደሴ የወጣው በማለዳ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ የሚውለው በእኩለ ቀን ፀሐይ ነው፣ የሚመለሰው በምሽት ነፋስ ነው። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ፣ ወይም ኮምቦልቻ እያደረ ደሴ የሚማር ሰው በአንድ ቀን ሁለት አየር ይኖራል። ልብሱ ግን አንድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የተቀረጸ የሙዚቃ ክሊፕ፣ ወይም ከቱርክ ፊልም የተቀዳ አለባበስ ይህን አያውቅም። ሐረጎን አልወረደማ!

ታዲያ ምን እንልበስ?

መደረብ ነው መልሱ። አንድ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው ደሴ ላይ ንጉሥ ነው። ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ወይ በላብ ይጠመቃል፣ ወይ ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይውላል። ከዚያ ይልቅ የጥጥ ቲሸርት፣ ከላዩ ስስ ሹራብ ወይም ሸሚዝ፣ ከዚያ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ቀላል ጃኬት ይሻላል። ሦስቱ አንድ ላይ ያሞቃሉ፤ አንድ በአንድ እየወለቁም ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ሚስጥሩ በልብሶቹ መካከል የሚታገተው አየር ነው። አያቶቻችን ይህን ያወቁት ፊዚክስ ተምረው አይደለም። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የሚሰፋው ለዚሁ ነው።

ጨርቁም ይለያያል። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ቆዳ ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ ለኮምቦልቻ ቀትር ከሥር የሚለበሰው እሱ ነው። ጥፋቱ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ርጥብ ጥጥ ደግሞ ብርድ ያስገባል። በክረምት ደሴ ላይ የበሰበሰ ጅንስ ስንት ቀን ገመድ ላይ እንደሚቆይ ታውቁታላችሁ። ሱፍ ቢረጥብም ማሞቁን አይተውም፤ ለሹራብ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ፖሊስተር ውኃ ስለማይጠጣ ከላይ ለሚደረብ ጃኬት ይሆናል። ከሥር ሲለበስ ግን ላቡን አግቶ ያሸታል፤ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ ለተቀመጠውም ሰው ይታዘንለት።

ጫማ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደሴ ዳገት ናት፤ ኮብልስቶኑ በዝናብ ያንሸራትታል፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ደግሞ ጭቃ ነው። በሐምሌ ነጭ ስኒከር ተጫምቶ እንደ ፍየል ድንጋይ ለድንጋይ የሚዘል ወጣት በየሰፈሩ አለ። እንበል አንዱ ሶሉ በወፍራሙ የተሰፋ የቆዳ ጫማ በ3,000 ብር ገዝቶ 300 ቀን ቢጫማው፣ ቀኑ 10 ብር ወጣበት። ሌላው የሚያብረቀርቅ ጫማ በ1,500 ብር ገዝቶ በ50 ቀን ቢገነጠልበት፣ ቀኑ 30 ብር ወጣበት። ርካሽ የገዛው ማን ነው? የመጀመሪያው ጫማ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ሶሉን ይቀይርለታል፤ ሁለተኛው ግን ማስቲሽ እንኳ አይመልሰውም።

«ዛሬም ያንኑ ለበሰ»

ትልቁ ጠላታችን ብርድ አይደለም፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። በሳምንት ሁለቴ አንድ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሙድ የሚያዝበት ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ከመግዛት አምስት ደካማ ይገዛል፤ አምስቱም በሦስተኛው እጥበት ይነጫሉ። በዚህ በኩል ሴቶቹ ላይ ጫናው ይበረታል። ወንዱ ሰማያዊ ጅንሱን ወር ሙሉ ቢለብሰው ማንም ልብ አይለውም፤ እሷ ግን ቀሚሷን ስትደግም ትቆጠርባታለች።

መውጫው ቀለም ነው። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ቡናማ እርስ በርሳቸው አይጣሉም። ሁለት ሱሪ ወይም ጉርድ፣ አራት ከላይ የሚለበስ፣ ሁለት የሚደረብ ቢኖራችሁና ሁሉም ከሁሉም ቢስማሙ፣ 2 በ4 በ2 ሲባዛ 16 ዓይነት አለባበስ ነው። ሻርፕ ወይም ሂጃብ ሲቀያየር ደግሞ ይጨምራል። ቁምሳጥን ሙሉ ልብስ ኖሮት «የምለብሰው አጣሁ» የሚል ሰው ያጣው ልብስ አይደለም፤ የሚስማማ ልብስ ነው።

የወሎ ኑሮ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል። እዚህ ለቅሶውም ሰርጉም የጋራ ነው። ክርስቲያኑ የሙስሊም ጎረቤቱን ለቅሶ ይደርሳል፣ ሙስሊሙም እንዲሁ፤ ቅሬ ሲጠራ ደግሞ ለማሰብ ጊዜ የለም። ስለዚህ ለመስጊድ አጥርም ለቤተ ክርስቲያን ደጅም የማያሳፍር፣ ረጋ ያለና ረዘም ያለ አንድ ልብስ፣ ከነጠላ ወይም ከጋቢ ጋር፣ ታጥቦ ተተኩሶ መቀመጥ አለበት። ለሥራ ቃለ መጠይቅም ያው ልብስ ይሆናል። ለአንድ ቀን ምርቃት ተበድሮ ሙሉ ልብስ ከማሰፋት ይህ ይቀድማል።

ከየት ይገዛ?

እውነቱን እንነጋገር። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በሕግ ክልክል ነው፤ ኮምቦልቻም የጉምሩክ ቅርንጫፍ ያላት ከተማ ናት። ሆኖም ሰልባጅ ያልለበሰ እጁን ያውጣ ቢባል ስንት እጅ ይወጣል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ልብስ ለደመወዝተኛ እየራቀ ሄዷል። ስለዚህ ገዢውን መውቀስ ለእኔ አይዋጥልኝም። ሰልባጅም ይሁን አዲስ፣ ልብሱን ገልብጦ ስፌቱን ማየት፣ ብብቱንና ጉልበቱን ወደ ብርሃን ማንሳት፣ ዚፑን ሁለት ሦስቴ መሳብ ግን የገዢው ድርሻ ነው። እንዲሁም የሰፈራችሁን ልብስ ሰፊ አትርሱ። ልክ ያልሆነ ጥሩ ጨርቅ በትንሽ ገንዘብ ልክ ይሆናል። ልኩ የሆነለት ሰው ደግሞ ያለ ብራንድ ይዘንጣል።

የሚያስቆጨው ነገር ይኼ ነው። ኮምቦልቻ የልብስ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። የታሰበው ግን ለውጭ ገበያ እንዲሰፋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች አዳረሰ። ኅዳር 27 መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን እስኪያስታውቅ ድረስ ፋብሪካውም፣ ሱቁም፣ መኖሪያ ቤቱም ተዘረፈ። ወር ሳይሞላ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። የሠራተኛው ደመወዝ ምን ያህል እንደነበር ለመገመት፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ስለ ሐዋሳ ፓርክ ያወጡትን ጥናት ማየት ይበቃል፤ መነሻው በወር 26 ዶላር ነበር። የሰፋችውን ልብስ መግዛት የማትችል ሰፊ ማለት ናት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለእሷ ምክር ሳይሆን የሥራ ውል ሆነባት።

አንዳንዱ «ድሃ ምን ምርጫ አለውና ስለ አለባበስ ትሰብካለህ?» ይለኝ ይሆናል። ምርጫ የሚያስፈልገው ግን ለድሃው ነው። ሀብታም ተሳስቶ ቢገዛ ሌላ ይገዛል። አምስት ልብስ ያለው ሰው አንዱ ከተበላሸበት ከኑሮው አንድ አምስተኛውን አጣ። ያን ጊዜ በለበሱት ልብስ ብቻ ከቤታቸው የወጡ፣ ሲመለሱም ባዶ ቁምሳጥን የጠበቃቸው ቤተሰቦች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እነሱ ከባዶ ሲጀምሩ ቀድመው የገዙት የሚያብረቀርቀውን አልነበረም። ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ለልጆች ጫማ ነበር።

እነሱ በመከራ የተማሩትን እኛ በሰላሙ ቀን ብንማረው ምን ይጎዳናል? በሚቀጥለው ደመወዝ አንድ ነገር ብቻ ግዙ፤ ከመግዛታችሁ በፊትም ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ሐረጎን አብሮኝ ይወርዳል? ካለኝ ከሦስቱ ጋር ይስማማል? ዓመት ይቆያል? ሦስቱንም «አዎ» ካላለ እዚያው መስቀያው ላይ ይቆይ። «እንደ ሀገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ያሉት አባቶች እኮ ለእኛም ነው የተናገሩት።

ቸር እንሰንብት!