ለመዝናናት ብቻ አንሂድ

የዓመቱ የትምህርት ጉዞ ወዴት ይሁን የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው። አንዱ ሐይቅ ይላል፤ ሌላው ቤተ መንግሥት ይላል፤ ሦስተኛው ምሳው ደኅና ይሁን እንጂ የትም ቢሆን ግድ የለኝም ይላል። እኛ በበኩላችን አንድ ሐሳብ ማቅረብ እንወዳለን። ይኸውም ከከሚሴ ተነሥተን በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርገን አዲስ አበባ ከገባን በኋላ፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ አልፈን በሆለታ አጠገብ ያለውን «እንስሳ ኮቴ» የተባለ የዱር አራዊት መታደጊያ ማዕከል እንድንጎበኝ ነው።

ይህን ማዕከል ያቋቋመው ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ነው። ቦታው እንስሳ ለትርዒት የሚቀርብበት አይደለም። በዚያ የሚኖሩት ከአዘዋዋሪ እጅ የተያዙና በሰው ግቢ ታስረው የተገኙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ዶሎ የተባለው አንበሳ ነበር። ዶሎ ስሙን ያገኘው በሶማሌ ጠረፍ ካለችው ከተማ ሲሆን፣ ማዕከሉ ከመግባቱ በፊት ዓመታት የኖረው በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ነው። ወደ ዱር ሊመለስ የሚችል እንስሳ ይመለሳል፤ የማይችለው ግን ዕድሜ ልኩን ይጦራል።

ለምን አይችልም? የአቦ ሸማኔ ግልገል አደንን የሚማረው ዓመት ተኩል ያህል ከእናቱ ጋር ኖሮ ነው። በሕፃንነቱ ከእናቱ የተነጠቀ ግልገል ይህን ትምህርት የሚያስተምረው ሰው የለም። ሰው ያሳደገው አንበሳም ሰውን አይፈራም፤ ቢለቀቅ ወደ መንደር ይመጣል። በእንክብካቤ ሥር ያለ አንበሳ ደግሞ እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። በአንድ ቀን የተሸጠ ግልገል የ20 ዓመት ዕዳ ይሆናል ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሰው በሚራብበት አገር ለአንበሳ ሥጋ ማቅረብ ምን ይባላል?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዕዳውን ያመጣው ማን ነው? ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ተይዞ በሶማሌ የባሕር ጠረፍ በኩል ወደ ዓረብ አገሮች የሚሻገረው የአቦ ሸማኔ ግልገል ለባለጠጋ መጫወቻ እንጂ ለድሃ እንጀራ አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የብርቅዬ አራዊትን ንግድ የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ወጥቷል። ሕግ ግን ገዢን ካላስደነገጠ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ጉዞው ከተፈቀደ አስጎብኚውን በሥርዓት እንከተል። አንጩህ፤ ምግብ አንወርውር፤ ግልገል አቅፈን ፎቶግራፍ እንነሣ ብለን አንጠይቅ። ግልገል የሚያሳቅፍ ቦታ ካለ፣ ስሙ ምንም ቢሆን መታደጊያ አይደለም። ይልቅስ ይህ እንስሳ ከየት መጣ፣ ማን አሰረው፣ ለምን አልተመለሰም ብለን እንጠይቅ።

ጉዞው ሆለታ ላይ እንዳያበቃም እናሳስባለን። መታደጊያ የመጨረሻው በር ነው፤ የመጀመሪያው በር ያለው በየመንደራችን ነው። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ እዚሁ ደጃችን ነው። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን የሚያሰማራበት፣ የውሃ ወፎችም የሚሰፍሩበት ይኸው ሜዳ በእርሻና በመስኖ እየጠበበ ሄዷል። ረግረግ ከደረቀ በኋላ ወፉን የሚያስጠጋ አጥር የለም። መምህራኖቻችን ተማሪውን መርተው ወደ ጨፋ ቢወርዱ፣ ያየነውንም በዚህ ጋዜጣ ብናወጣ፣ ወጪው ከሆለታው ጉዞ እጅግ ያነሰ ነው።

የጉዞው ኮሚቴ ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዲያስብበት እንጠይቃለን። የታሰረውን አይቶ ያልታሰረውን ለመጠበቅ የማይነሣ ተማሪ ለአውቶቡሱ የወጣውን ገንዘብ በከንቱ አባክኗል።