ሁለተኛው ናዳ

እኛ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ናዳ የሩቅ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን የብዙዎቻችን ዘመዶች በደጋው ቁልቁለት ላይ ናቸው፤ በክረምትም ለበዓል ወይም ለለቅሶ ወደ እነርሱ እንወጣለን።

በሐምሌ ወር አጋማሽ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፥ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፥ ብርቱ ዝናም ያራሰው ኮረብታ ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያወጣቸው ሮጦ አፈሩን ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡት ነበሩ።

ምክንያቱ ይህ ነው፤ የታችኛው አፈር ሲናድ በላዩ ያለው የራሰ መሬት ድጋፉን ያጣል። በበረዶ አገርም ነፋስ የከመረው በረዶ በተናደ ጊዜ ረዳቶቹ አስቀድመው ሽቅቡን የሚመረምሩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መርዳትን አንተው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ሽቅቡን ይጠብቅ፤ ጥቂቶች ብቻ ይቆፍሩ፤ ሕፃናትና ተመልካቾች ይራቁ። አዲስ ስንጥቅ፥ ያዘነበለ ዛፍ ወይም በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ቢታይ ሁሉም ወደ ጎን ይሽሽ። ይህን ዛሬ ማታ በማዕድ ዙሪያ ለልጆቻችሁ ንገሩልን። እግዚአብሔር ክረምቱን በሰላም ያሳልፍልን።