ፍራሽ ያለ ተኚው አይመዘንም፦ በባለ ሞላ ፍራሽ ግምገማ ላይ የቀረበ አስተያየት

ወገቡን ላመመው ሰው በአገራችን ከሚሰጡት ምክሮች መካከል «ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ» የሚለውን ያህል በሐኪምም በጎረቤትም በእኩል ድፍረት የሚነገር ምክር ጥቂት ነው። ምክሩ ከመደብና ከቁርበት ዘመን የተወረሰ ይሁን ወይም ከቆየ የሕክምና ትምህርት የመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ዛሬ ግን ወደ ገበያ ወጥቷል። የቤት ዕቃ መሸጫ የገባ ሸማች «ይህ ጠንካራ ነው፣ ለወገብ ይበጃል» ተብሎ ለአንድ ስፕሪንግ ፍራሽ የብዙ ወር ቁጠባውን ከፍሎ ይመለሳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምከራከረው፣ አንድን ባለ ሞላ ፍራሽ በደፈናው ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ መፈረጅ ትርጉም እንደሌለው፣ ፍራሹ ሊመዘን የሚገባውም በላዩ ከሚያድረው አካል ጋር ተጣምሮ እንደሆነ ነው። ጉዳዩ ከቤት ዕቃ ምርጫ የማያልፍ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ሰው ከዕድሜው ሲሶ ያህሉን ተኝቶ እንደሚያሳልፍ ያስታውስልኝ።

የራሴን ቤት ገጠመኝ በምሳሌነት ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ወገቧን ሲያማት «ጠንካራ ፍራሽ» የሚል ምክር ይዛ ከሕክምና ተመለሰች። ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተን በጣም ጠንካራ የተባለውን ስፕሪንግ ፍራሽ ገዛንላት። እናቴ ቀጭን ሴት ናት፤ ከወጣትነቷ ጀምሮ የምትተኛው በጎኗ፣ ጉልበቷን ሰብስባ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የወገቧ ሕመም ሳይለቃት የትከሻና የዳሌ ሕመም ተጨመረባት። ሻጩ «ሰውነትዎ እስኪለምደው ነው» አላት። ሦስት ወር ጠበቅን፤ አልለመደውም። በመጨረሻ ፍራሹ ወደ ታናሽ ወንድሜ ክፍል ተዛወረ። እርሱ ዘጠና ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በሆዱ ተደፍቶ የሚያድር ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ ሲያሰማ አልሰማሁም። የአንድ ቤተሰብ ገጠመኝ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዚያው ሽቦና በዚያው ስፖንጅ ላይ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ መሰጠቱ ጥያቄው የት ላይ እንዳለ ያመለክታል።

በገበያችን «ስፕሪንግ ፍራሽ» የሚባለው ዕቃ አንድ ወጥ አይደለም። እዚህ የምናገረው ስለ ነባሩ ዓይነት፣ ቦኔል ስለሚባለው ነው። ሞላው ከላይና ከታች ሰፍቶ መሐሉ ላይ ይጠብባል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞላዎች በቀጭን ጥምዝ ሽቦ እርስ በርስ ይታሰራሉ፤ ዙሪያቸው በወፍራም ሽቦ ይከበባል፤ ከላይም ስስ የስፖንጅና የጨርቅ ንብርብር ይለብሳል። በባለ ሞላ ፍራሽ ፈጣሪነት ብዙውን ጊዜ ስሙ የሚነሣው ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ቬስትፋል ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1871 እንደሆነ ይጠቀሳል። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በካናዳ ጄምስ ማርሻል እያንዳንዱን ሞላ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት የማስገባትን ሐሳብ አመጣ። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ብዙ ነው። በታሰረው ፍራሽ አንዱ ሞላ ሲወርድ ጎረቤቶቹን እየሳበ ይወርዳል፤ በከረጢት በተያዘው ግን እያንዳንዱ ለተጫነው ክብደት ለብቻው ይመልሳል። ባልና ሚስት በአንድ ነባር ባለ ሞላ ፍራሽ ላይ ሲተኙ የአንዱ መገላበጥ ሌላውን የሚቀሰቅሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሞላ ጥንካሬ የሚሰላበት ቀመር ለምሕንድስና ተማሪ እንግዳ አይደለም። ጥንካሬው ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ጋር ቀጥተኛ፣ ከጥምዙ ስፋት ሦስተኛ ርቢና ከጥምዞቹ ብዛት ጋር ደግሞ የተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። የሽቦው ውፍረት ከ2.0 ሚሊ ሜትር ወደ 2.2 ሚሊ ሜትር ቢያድግ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሞላው 46 በመቶ ያህል ይጠነክራል። በዓይን የማይለየው 0.2 ሚሊ ሜትር የሚያመጣው ለውጥ ይህን ያህል ነው። ሻጮች በኩራት የሚጠሩት የሞላ ብዛት ብቻውን ብዙም የማይነግረን ለዚህ ነው፤ ብዙ ቀጫጭን ሞላ ከጥቂት ወፍራም ሞላ ሊለሰልስ ይችላል።

የቦኔል ቅርጽም የራሱ ጠባይ አለው። ሲጫኑት ሰፊዎቹ ጥምዞች ቀድመው ይሸነፋሉ፣ ጠባቡ መሐል ኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ፍራሹ ይበልጥ ይቋቋማል። ከባድ ሰው ከዚህ ጠባይ ይጠቀማል፤ ክብደቱ ጠልቆ ሲገባ የሚይዘው ነገር ያገኛል። የሃምሳ ኪሎ ሰው ክብደት ግን እርስ በርስ በታሰሩት ሞላዎች ላይ ሲከፋፈል ፍራሹን ብዙም አያወርደውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፍራሽ ማለት በተግባር ከላይ ያለችው ስስ ንብርብር ናት። በጎኑ ሲተኛ ደግሞ ከፍራሹ ጋር የሚነካካው የአካሉ ስፋት ስለሚጠብ በትከሻና በዳሌ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይበረታል፤ ትከሻና ዳሌ መግቢያ ካላገኙም ወገብ ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እናቴን የገጠማት ይህ ይመስለኛል። በሆዱ የሚተኛ ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ከባዱ የሰውነት ክፍል መሐሉ ስለሆነ ለስላሳ ፍራሽ ላይ ዳሌው ሰምጦ ወገቡ ወደ ውስጥ ይለመጣል። ለወንድሜ የጠንካራው ፍራሽ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በጀርባው የሚተኛ ግን ክብደቱ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ በመካከለኛ ጥንካሬ ያለ ብዙ ጣጣ ይተኛል፤ በእርሱ ላይ መዘግየት አያስፈልግም።

«ጠንካራ ለወገብ ይበጃል» የሚለው እምነት በሙከራ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍራንሲስኮ ኮቫክስና ባልደረቦቹ በስፔን ያካሄዱትን ጥናት ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። መንሥኤው ተለይቶ ያልታወቀ፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ጎልማሶች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ ጠንካራ፣ ከፊሎቹ መካከለኛ ፍራሽ ተሰጣቸው፤ የትኛው እንደደረሳቸውም አልተነገራቸውም። 1 እጅግ ጠንካራውን፣ 10 እጅግ ለስላሳውን በሚያመለክተው የአውሮፓ መለኪያ ጠንካራው ፍራሽ 2.3፣ መካከለኛው 5.6 ነበር። ከ90 ቀናት በኋላ መካከለኛው የደረሳቸው ሰዎች በአልጋ ላይ ሳሉም ሆነ ሲነሡ በሚሰማቸው ሕመም፣ እንዲሁም ሕመሙ በዕለት ተግባራቸው ላይ በሚያደርሰው እክል የተሻለ ውጤት አሳዩ። በዴንማርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናትም የውኃ ፍራሽና ቅርጽ የሚይዝ ስፖንጅ ከጠንካራ ፍራሽ የተሻሉ መሆናቸውን፣ ልዩነቱ ግን አነስተኛ መሆኑን ዘግቧል። እነዚህን ውጤቶች ከአቅማቸው በላይ ማሸከም አይገባም። የስፔኑ ጥናት የለካው ጥንካሬን እንጂ የፍራሹን የውስጥ አሠራር አይደለም፤ ተሳታፊዎቹም ሕመምተኞች ነበሩ። ያም ሆኖ የስፔኑ ጥናት ከታተመ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በእኛ ዘንድ የቀድሞው ምክር አንዲት ቃል ሳትለወጥ መቀጠሉ የሚያሳስብ ነው።

እዚህ ላይ በሌላ በኩል ያለውን ስሕተትም ማንሣት ይኖርብኛል። በውጭ ገበያ የተለመደው ሠንጠረዥ ሰዎችን «በጎን ተኚ»፣ «በጀርባ ተኚ»፣ «በሆድ ተኚ» ብሎ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ፍራሽ ያድላል። እኔም ከላይ በእነዚሁ ስሞች ተጠቅሜአለሁ፤ ለአገላለጽ ያመቻሉና። ነገር ግን በኖርዌይ 664 ሰዎች የእንቅስቃሴ መቅጃ መሣሪያ አስረው ያደሩበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአማካይ ከአልጋ ቆይታቸው 54 በመቶ ያህሉ በጎን፣ 38 በመቶ ያህሉ በጀርባ፣ 7 በመቶ ያህሉ በሆድ ያለፈ ነው። ሰው ሌሊቱን ሙሉ በአንድ አኳኋን አያድርም። «በጎን ተኚ ነኝ» የሚለን ሰው የሚነግረን ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ሲወስደው የነበረበትን አኳኋን ነው። በመሆኑም ከአኳኋን ይልቅ የማይለወጠውን መለካት ይሻላል፦ ክብደትን፣ የትከሻና የዳሌ ስፋትን፣ ከወገብ ጋር ያላቸውንም ልዩነት።

አኳኋናቸው በምርጫ ያልሆነ ተኚዎችም አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጎኗ እንድትተኛ ትመከራለች፤ ክብደቷ በሚጨምርበት ወቅት በጎን መተኛት ግዴታ ሲሆንባት ደረቅ ባለ ሞላ ፍራሽ ይከብዳታል፤ በላዩ ላይ ወፈር ያለ የጥጥ ፍራሽ ወይም ስፖንጅ መደረብ ርካሹ መፍትሔ ነው። የአልጋ ቁራኛ ለሆነ ሕመምተኛ ግን መደረቡም አይበቃም፤ የግፊት ቁስል እንዳይወጣበት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ፍራሽ ያስፈልገዋል። በተቃራኒው ለመነሣት የሚቸገሩ አረጋውያን ዙሪያውን በወፍራም ሽቦ የተከበበውን ባለ ሞላ ፍራሽ ይወዱታል፤ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ሲነሡ አይከዳቸውም። በሞቃት አካባቢ ለሚኖር ሰውም ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ያዘዋውራል። ያው ክፍትነት ለትኋን መደበቂያ መሆኑን ግን ሻጭ አይናገርም።

ፍራሹ ያረፈበትም ነገር ከፍርዱ ሊወጣ አይገባም። ርብራቡ በተራራቀ ወይም መሐሉ በረገበ የሽቦ አልጋ ላይ የተነጠፈ ባለ ሞላ ፍራሽ የአልጋውን ጉድለት ተከትሎ ይጎብጣል፤ ጥፋቱ ግን ለፍራሹ ይሰጣል። በዚህ ረገድ የጠፍር አልጋ የነበረው ብልኀት ሳይደንቀኝ አይቀርም፤ ጠፍሩ ሲላላ እንደገና ይወጠራል፣ ባለቤቱም ጥንካሬውን እንደ ሰውነቱ ያስተካክላል። የደከመ ሞላ መወጠሪያ የለውም። ኢኤን 1957 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የፍራሽን ዕድሜ ለመፈተን ከባድ ሮለር 30,000 ጊዜ ያመላልስበታል። ጠቃሚ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ሮለር ትከሻና ዳሌ የለውም። በቤት ውስጥ ቀድሞ የሚሸነፈው ሰው ዘወትር የሚጋደምበት የላይኛው ንብርብር ነው፤ እርሱ ሲሳሳ ሞላው ጎን መውጋት ይጀምራል።

ሁለት ነገር ሊደረግ ይችላል እላለሁ። አንደኛው ለአምራችና ለአስመጪ የሚመለከት ነው፦ የሽቦው ውፍረት፣ የሞላው ዓይነትና ብዛት፣ የላይኛው ንብርብር ውፍረትና እፍጋት በፍራሹ ላይ ይጻፍ። «ለወገብ» የሚል ጽሑፍ መረጃ አይደለም። ሁለተኛው እኛን ይመለከታል። በአገር ውስጥ የሚሸጡ ፍራሾች በልዩ ልዩ ክብደት ሥር ምን ያህል እንደሚወርዱ መለካት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የተመዘኑ የአሸዋ ከረጢቶችና ማስመሪያ ይበቃሉ። በጎናቸው በተጋደሙ ፈቃደኞች አከርካሪ ላይ ተለጣፊ ነጥቦች አድርጎ ከጀርባ ፎቶግራፍ ማንሣት የአከርካሪውን መስመር ያሳያል። የምሕንድስናና የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ተጣምረው ቢሠሩት ለአንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ከየመኝታ ክፍላቸው ሊጀምሩት የሚችሉ ሥራ ነው። ተሳታፊው በምን ላይ እንደተኛ እንዳያውቅ ማድረግ ያስቸግራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ተመሳሳይ ሽፋን ማልበስ ችግሩን ባያስወግደውም ይቀንሰዋል።

እስከዚያው ድረስ ገዢ የሆነ ሰው ፍራሹን በእጁ እየተጫነ አይመን። ጫማውን አውልቆ፣ ሌሊት በሚተኛበት አኳኋን ሩብ ሰዓት ያህል ይጋደምበት፤ አልጋውን የሚጋራው ሰው ካለም አብሮ ይገላበጥ። እናቴን ሁለተኛውን ፍራሽ ለመግዛት በወሰድናት ቀን ያደረገችው ይህንኑ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ በጎኗ እየተጋደመች ሦስቱን ሞክራ ተነሣች፤ አራተኛው ላይ፣ ሻጩ ስለ ሞላው ብዛት እየተናገረ ሳለ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።