ችግሩ ሮዙ አይደለም

«ባርቢ» እና «ኮምፒውተር» አብረው ሲጠሩ ብዙ ሰው መሳቅ ይቀናዋል። «ምን ልታደርግበት? ስክሪኑን መስታወት አድርጋ ልትኳኳልበት?» ይባላል። እኛ ደግሞ ሳቁን ትንሽ እናቆየው እንላለን። የአሻንጉሊት ኩባንያዎች ለሴት ልጆች የሠሯቸው ትምህርታዊ ጌሞች ታሪክ ከሚያስቀው ይልቅ የሚያናድደውና የሚያስተምረው ይበዛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1992 እንጀምር። በዚያ ዓመት ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የምትናገር ባርቢ ለገበያ አቀረበ። አንዳንዶቹ አሻንጉሊቶች ከሚሉት ነገር አንዱ «የሒሳብ ትምህርት ከባድ ነው» የሚል ነበር። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ማኅበር ተቃወመ፤ ኩባንያውም ዓረፍተ ነገሩን አስወጣው። ጥሩ አደረገ። ግን ዓረፍተ ነገርን ከአሻንጉሊት ሆድ ማውጣት ቀላሉ ሥራ ነው። ከሰው ጭንቅላት ማውጣቱ ላይ ነው ጉዱ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ያው ማቴል «ባርቢ ፋሽን ዲዛይነር» የተባለ የኮምፒውተር ሲዲ ይዞ መጣ። ያኔ የጌም ገበያው የወንድ ልጆች ሰፈር ነበር፤ ተኩስ፣ ድብድብ፣ የመኪና እሽቅድምድም። «ሴት ልጅ ጌም አትጫወትም» የሚለው አባባል ደግሞ ማንም የማይጠይቀው እውነት ሆኖ ተቀምጧል። ሲዲው ገበያ በገባ በሁለት ወር ውስጥ ከ500 ሺህ በላይ ተሸጠ። አባባሉም እዚያው ላይ አከተመ።

አሁን ጌሙ ምን እንደሚያሠራ እንይ። ልጅቷ ልብሱን ስክሪን ላይ ትነድፋለች። ቀለሙን፣ ቅዱን፣ ጌጡን ትመርጣለች። ባርቢ ለብሳው ስትራመድ ታያለች። ከዚያ ጀርባው ወረቀት በሆነ ልዩ ጨርቅ ላይ በፕሪንተር ታትመውና ቆርጣ ገጣጥማ ለአሻንጉሊቷ ታለብሳለች። አዎ፣ ፋሽን ነው። አዎ፣ ሮዝ በሮዝ ነው። ነገር ግን ይህቺ ልጅ አንድ ትልቅ ቁምነገር ይዛ ትነሳለች፦ ኮምፒውተር የሆነ ነገር የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ወንድሟ በዚያው ሰዓት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭራቅ እየገደለ ነው። እስቲ ንገሩን፣ ከሁለቱ ኮምፒውተር የተማረው ማን ነው?

በ1997 ደግሞ ከዚህ የተሻለ መጣ። አሜሪካን ገርል የሚባሉት አሻንጉሊቶች በ1986 ፕሌዘንት ሮውላንድ በተባሉ የቀድሞ መምህርት የተጀመሩ ናቸው። እያንዳንዷ አሻንጉሊት በአንድ የአሜሪካ ታሪክ ዘመን የምትኖር ልጅ ናት። ለምሳሌ አዲ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ በ1864፣ ከባርነት ያመለጠች ጥቁር ልጅ ናት። ዘ ለርኒንግ ካምፓኒ በእነዚህ አሻንጉሊቶች ላይ ተመሥርቶ በሠራው «ዘ አሜሪካን ገርልስ ፕሪሚየር» በተባለው ጌም ውስጥ ተጫዋቿ የቴአትር አዘጋጅ ናት። መድረኩን ታሰናዳለች፣ መብራቱን ትቆጣጠራለች፣ ገጸ ባሕርያቱን ታስገባለች፣ ታስወጣለች። ቃለ ተውኔቱን ራሷ ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የጻፈችውን በድምፅ ይናገረዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ባርነት የራሷን ቴአትር ጽፋ ስታዘጋጅ አስቡት። ይህን ነው እኛ ትምህርታዊ ጌም የምንለው።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ 1999 መጣ።

በዚያ ዓመት ከማቴል ፈቃድ ያገኘ አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ለልጆች ሁለት ዓይነት ኮምፒውተር ሸጠ። ዋጋው ለሁለቱም 599 ዶላር ነው። የሴቶቹ የባርቢ፣ አበባ የተሳለበት፤ የወንዶቹ የሆት ዊልስ፣ ሰማያዊ ሆኖ የእሳት ነበልባል የተሳለበት። የቀለሙን ነገር እንተወው። ጉዱ ያለው ውስጡ ነው። ከወንዶቹ ኮምፒውተር ጋር የተሰጠው ትምህርታዊ ሶፍትዌር ከሴቶቹ ይበልጥ ነበር። የሰውን ልጅ አካል አሠራር የሚያስተምረው ፕሮግራም ለወንዱ ተሰጠ፤ ለሴቷ አልተሰጠም። ዋጋው እኩል፣ ዕውቀቱ ግን ጎዶሎ ማለት ነው።

ነጥባችን ይኼው ነው። ሮዝ ቀለም ማንንም አያደነዝዝም። ቀሚስ መንደፍም አያደነዝዝም፤ ልኬት ነው፣ ቅርፅ ነው፣ ሒሳብ ነው። የሚጎዳው ሮዙ ሲጨመር አብሮ የሚቀነሰው ነገር ነው። «ለሴት ልጅ የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ «ቀለል ያለ» ማለት ሲሆን ያኔ ነው መጮህ ያለብን።

«ለሴት ብቻ ብሎ መለየቱ ራሱ ጥፋት ነው» የሚሉ አሉ። ክርክራቸውን አናጣጥልም፤ ለብቻ የተሰጠ ክፍል ብዙ ጊዜ ጠባብ ክፍል ነው። ግን በር ሁሉ በተዘጋበት ዘመን የተከፈተውን አንድ በር ቀለሙ አልጣመንም ብሎ መዝጋት ለማን ይጠቅማል? መጠየቅ ያለብን በሩ ወዴት እንደሚያስገባ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1980ዎቹ አጋማሽ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚይዙት ውስጥ ሴቶች 37 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በ2010 አካባቢ ወደ 18 ከመቶ ወረዱ። ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አነጋግረው በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ ካስተዋሉት ነገር አንዱ ይህ ነው፦ ቤተሰብ ኮምፒውተር ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ወንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ አቀባበሉንና አስተማመሩን ሲያስተካክል፣ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሚገቡት ውስጥ የሴቶቹ ድርሻ በ1995 ከነበረበት 7 ከመቶ በ2000 ወደ 42 ከመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት የሴት ልጅ አእምሮ አልተቀየረም። የተቀየረው በሩ ነው።

ማቴልስ ተማረ? ቀስ እያለ። በ2010 ባርቢን የኮምፒውተር መሐንዲስ የሚያደርግ የልጆች መጽሐፍ ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ባርቢ ጌም ትሠራለች፤ ግን እሷ ሐሳቡን ብቻ ነው የምትነድፈው። ወደ እውነተኛ ጌም የሚቀይሩላት ሁለት ወንድ ጓደኞቿ ናቸው። በ2014 ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። በ2018 ደግሞ የሮቦቲክስ መሐንዲስ ባርቢን ሲያወጣ ቲንከር ከተባለ ኮዲንግ አስተማሪ ድርጅት ጋር ሆኖ ለልጆች ነፃ ትምህርት አቀረበ። ይህኛው በር ወደ ትክክለኛው ክፍል ያስገባል።

ዛሬ ሲዲው ቀርቷል፤ ጨዋታው በየስልኩ ገብቷል። አሻንጉሊት አልብስ፣ ፀጉር ሥራ፣ ኬክ አስጊጥ የሚል በነፃ የሚጫን ሞልቷል። ስለዚህ ታናሽ እህታችሁ ወይም ልጃችሁ «ይቺን ጫንልኝ» ስትላችሁ ቀለሙን አይታችሁ አትሳቁባት። ይልቅ አብራችኋት ተቀመጡና ጥቂት ነገር እዩ። የምትመርጠው ከተዘጋጀላት ነው ወይስ እሷ የምትፈጥረው አለ? ስትሳሳት ጌሙ እንድታስብ ያደርጋታል ወይስ ማስታወቂያ ያሳያታል? ጨዋታው ሲዘጋ «እዩልኝ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» የምትለው ነገር ይቀራል? መልሱ አዎ ከሆነ ሮዝም ይሁን ወይን ጠጅ ተዉላት፣ ትጫወት። አይደለም ከሆነ ደግሞ አትከልክሏት፤ የተሻለ ፈልጉላት። ስልኩንም ከወንድሟ እኩል ሰዓት ስጧት።