አልበም ባለቤት ሲኖረው

እዚህ ቦንጋ ከየቡና ቤቱ አዲስ አልበም ይሰማል፤ ወር ሳይሞላው የሚረሳውም ብዙ ነው። ድምፃውያኑ ችሎታ አንሷቸው አይመስለኝም። የአንዱ አልበም ከበሮና ኪቦርድ ከሌላው አልለይ እያለ ነው። አልበምን ከእኩዮቹ ነጥሎ የሚያቆመው፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ጆሮ የመረጠው ድምፅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምስክሬ ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሻገር እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ኃይሉ መርጊያ እና ክላሲካል መሣሪያው» የተሰኘውን ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን ልብ ብላችሁ ስሙት። ድራም ማሽኑ ሳይቸኩል ምቱን ይደጋግማል፤ አኮርዲዮኑ ዜማውን እየሳበ ያንጎራጉራል፤ ኪቦርዱ በየመሃሉ ገብቶ ይመልስለታል። አኮርዲዮን በኦርጋንና በሲንተሳይዘር ተተክቶ ከመድረክ በራቀበት ዘመን፣ ኃይሉ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አስታረቀ።

በኋላ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 ዳግም ሲያሳትመው፣ ከ28 ዓመት በኋላም የሚመስለው አልተገኘም። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ።

ብቻ መሥራት ግን ግዴታ አይደለም። እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 ባወጣችው «ጂጂ» አልበም ላይ የጃዝ ሙዚቀኞቹ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫውተዋል፤ ያም ሆኖ አልበሙ የእሷ ነው። አጃቢው ሁሉ የሚሄደው ድምፅዋን ተከትሎ ነው።

የእኛ የካፋ ሰው የራሱ ጣዕም ያለውን ነገር ከተደባለቀው መለየት አይጠፋውም። የጌተም ዛፍ አብቦ የሚቆረጠውን ነጭ ማር ከሌላው ጋር ቢደባልቁበት ወዲያው ያውቃል።

ስለዚህ ለዞናችን ወጣት ሙዚቀኞች የምለው አለኝ። የካፊኖኖ ዜማችሁን ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ በመጣ ምት ላይ አትጫኑት፤ ምቱን ራሳችሁ ከሠርጉና ከለቅሶው ቅዱት። አሥራ አራት ዘፈን ለመሙላት አትድከሙ፤ ስድስቱ የእናንተ ከሆኑ ይበቃሉ። «ገንዘብ የለንም» የሚል ካለ፣ ኃይሉም የነበረው አንድ አኮርዲዮን፣ ጥቂት ኪቦርድና አንድ ድራም ማሽን ነበር። አቀናባሪ ፊት ስትቀመጡ የምትፈልጉትን ድምፅ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ካልመሰላችሁም «ይህ የእኔ አይደለም» ለማለት ድፈሩ።