ያልተቆጠረ ሕዝብ፣ ያልተወከለ መንደር



በመተከል ዞን የሚገኘው ፓዌ ከብዙዎቻችሁ የራቀ የገጠር አካባቢ ነው። ነገር ግን የሕዝብ ብዛት፣ የገቢና የአብሮነት ጥያቄዎቻችን አንድ ላይ ተሰብስበው የሚታዩት እንዲህ ባለ ስፍራ ነውና ጉዳዩን እንደራሳችሁ ጉዳይ እንድትመለከቱት እንጠይቃለን።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሃዲያ ያመጣቸውን ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በፓዌ አሰፈረ። መንደሮቹም መንደር 7፣ መንደር 14 እየተባሉ በቁጥር ተጠሩ። መሬቱን ለዘመናት ሲጠቀምበት የኖረውን የጉሙዝ ሕዝብ ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ከሰፋሪው ብዙው ሳይወድ መጣ፤ ነባሩ ሳይጠየቅ ተገፋ። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

ደርግ በ1983 ሲወድቅ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ የነበረው የጣና በለስ ፕሮጀክት ተቋረጠ፤ ትራክተሮቹም ቆሙ። ብዙ ሰፋሪ አካባቢውን ለቆ ሄደ። የቀረው በበሬ ሊያርስ ቢነሣ ገንዲ ከብቱን ፈጀበት፤ እሱንም ወባ አደከመው። ያም ሆኖ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ አምርቶ ለገበያ አቀረበ። ገቢው ግን በዝናብ፣ በመንገድና በሰላም ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርሶ አደር መሬት በነፃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አዲስ ጎጆ ለሚወጣው ወጣት ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል። ሥራ ፍለጋ ወደ እናንተ ከተማ የሚመጣውም ስለዚህ ነው።

ስለ ውክልናም እንናገር። በ1992 ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የነባር ብሔረሰቦችን ቋንቋ አይችሉም የተባሉ ዕጩዎች ከውድድር ታገዱ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው! የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሊጠየቅ የሚገባው የሥራ ቋንቋውን ማወቅ መሆኑን የወሰነው በ1995 ነው። ምርጫው ካለፈ በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በውክልናና በመሬት ያልተፈታ ቅሬታ ለግጭት ጠማቂዎች መሣሪያ ይሆናል። በ2013 በመተከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከ100 ሺህ በላይ ተፈናቀሉ። ከሟቾቹም ከተፈናቃዮቹም መካከል ነባርም ሰፋሪም ነበሩ።

አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ነው፤ ተከታዩ ደጋግሞ ተራዘመ። ስንት ሰው እንዳለ ሳይታወቅ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት የምክር ቤት መቀመጫ እንደሚያስፈልግ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ ፓርቲያችን፦
— በገለልተኛ ባለሙያዎች የሚመራ ቆጠራ ሳይዘገይ እንዲካሄድ፤
— የሰፋሪው የይዞታ ማረጋገጫ ከዘር ጋር ሳይያያዝ እንዲከበር፣ የጉሙዝ ማኅበረሰብ ነባር የመሬት መብትም በሕግ እንዲጠበቅና ለተወሰደበት ካሣ እንዲያገኝ፤
— በአንቀጽ 38 የተደነገገው የመምረጥና የመመረጥ መብት ለማንኛውም ዜጋ በሚኖርበት ቀበሌ በተግባር እንዲረጋገጥ ይታገላል።

ነባሩንና መጤውን የሚያስማማ ዳኛ ሕግ ብቻ ነው። በቁጥር የሚጠራው መንደር ነዋሪው በዜግነቱ እንዲቆጠር ድምፃችሁን ስጡ!